ስሙን ጠይቁት እንጂ ስም አታውጡለት

ለአሶሳና ለመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነዋሪ፣ ወደ ክልሉ ለሚሄድ እንግዳ፣ ስለ ክልሉም ለሚያወራና ለሚጽፍ ሁሉ የቀረበ ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ የተጻፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው በአሶሳ፣ በመተከል ወይም በካማሺ ተወልዶ ወይም ሥራ ይዞ የሚኖር፣ ጎረቤቱን በቅጽል ስም መጥራት የለመደ ሰው ነው። ሁለተኛው ክልሉን በቴሌቪዥንና በስልክ ብቻ የሚያውቅ፣ ስለ ሕዝቡ ሲያወራ ግን ከአያቱ የሰማውን ስም ሳያላምጥ የሚደግም ሰው ነው። ለሁለቱም የምለው አንድ ነው። አንድን ሕዝብ ራሱን በማይጠራበት ስም አትጥሩት፤ ሌላው ሲጠራው ስትሰሙም ተቀብላችሁ አታስተላልፉ። በሰላም ጊዜ ቀልድ የሚመስለው ስም በክፉ ቀን ሰው የሚለይበት ወንፊት ሆኗል። ይህን ያየነው በሩቅ አገር አይደለም፤ እዚሁ፣ በቅርብ ዓመታት ነው።

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የብዙ ሕዝብ መኖሪያ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ 784,345 ሰዎች ተቆጥረውበታል። ሩብ ያህሉ በርታ፣ አምስት እጅ ቢባል አንዱ እጅ ጉሙዝ፣ ከዚያ የማያንሰው ደግሞ አማራ ነበር። ኦሮሞው፣ ሺናሻው፣ አገው፣ ማኦና ኮሞው፣ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታና ከሐዲያ በሰፈራ የመጣው፣ ከዚያም ለወርቅ፣ ለእርሻ፣ ለንግድና ለመንግሥት ሥራ የገባው ሲጨመር መቼም የአንድ ወገን ብቻ ያልነበረ አገር መሆኑ ይታያል። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ከየክልሉ ተማሪ ይመጣል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ጉባ ላይ ከተቀመጠ ጀምሮ ደግሞ ከአገሪቱ ጫፍ እስከ ጫፍ የመጣ ሠራተኛ እዚያ በረሃ ውስጥ ሲሠራ ኖሯል። በኩርሙክ በኩል ከሱዳን የሚሰደደውም አለ። እንዲህ ተቀራርቦ በሚኖር ሕዝብ መካከል አንዱ ለሌላው ስም ማውጣቱ አያስገርምም። የሚያሳስበው ከእነዚህ ስሞች የተወሰኑት የቆየ ደም ያለባቸው፣ የተወሰኑትም በእኛ ዘመን ደም የነካቸው መሆኑ ነው።

ከሁሉም ከባዱን ስም አንድ ጊዜ በግልጽ ልጻፈውና ከዚያ በኋላ ባልደግመው እመርጣለሁ። «ሻንቅላ» የሚለው ነው።

በዚህ ስም ራሱን የሚጠራ ሕዝብ የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ጉሙዙ ጉሙዝ ነኝ ይላል፤ በርታውም በርታ። ስሙ የደገኛው ነው። በምዕራቡ የቆላ ጠረፍ ከሰሜን እስከ ደቡብ የሚኖሩትን፣ በቋንቋም በባህልም የማይገናኙ ብዙ ሕዝቦችን በመልካቸው ጥቁረት ብቻ አንድ ላይ አፍሶ የጠራበት ነው። በነገሥታቱ ዜና መዋዕሎች ውስጥ ስሙ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዘመቻ፣ ስለ ግብርና ስለ ምርኮ በሚነገርበት ቦታ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በመጽሐፉ ይዞት ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የአውሮፓውያን ካርታዎች ይህን ሰፊ አገር በዚሁ ስም ይሞሉት ጀመር። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1977 እ.ኤ.አ. ስለ እነዚሁ የጠረፍ ሕዝቦች ሰፊ ጥናት ሲያወጣ ጉዳዩን ያቀረበው እንደ ባርነት ታሪክ ነው። ተገቢም ነበር። ስሙና የባርያ ፍንገላው አብረው የኖሩ ናቸውና።

በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የራስ መኮንን ጦር ቤኒሻንጉልን ለምኒልክ መንግሥት ካስገበረ በኋላ ከዚህ አገር ወርቅ ብቻ አልወጣም፤ ሰውም ወጥቷል። በአካባቢው የነበሩ የአገሬው ገዥዎችም በዚህ ንግድ እጃቸው እንደነበረበት መደበቅ አይገባም። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ አዋጅ ወጣ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ዘመን ሰማንያ ዓመት አልፏል። ተይዘው የተሸጡት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ አሉ፤ ታሪኩንም ከአያቶቻቸው አፍ የሰሙ ናቸው። እነሱ ስሙን ሲሰሙ የሚሰሙት የቆዳ ቀለም አይደለም። የሚሰሙት አንድ ጊዜ በገበያ ዋጋ የወጣለት ሰው የተጠራበትን ስም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳውን መልስ አውቀዋለሁ። «ድሮ ሁሉም ይለው ነበር፤ ክፋት የለውም፤ እኛም ቤት ጠይም ልጅ ሲወለድ ሻንቆ እያልን ነው ያሳደግነው» ይባላል። እውነት ነው፤ አዲስ አበባም ጎንደርም ደብረ ማርቆስም ይህ አለ፤ የሚለው ሰውም በአብዛኛው ልጁን የሚወድ ነው። ግን ነገሩን ከሌላው ወገን እንየው። በዚያ ቤት ያደገው ልጅ ጥቁረት ማለት የሌላ፣ ዝቅ ያለ ሕዝብ ምልክት መሆኑን ሳያውቀው ተምሯል። አድጎ አስተማሪ፣ ነርስ ወይም ፖሊስ ሆኖ አሶሳ ሲመደብ ያንን ትምህርት ይዞት ይሄዳል። በፍቅር የተባለ ቃል መሆኑ በርታ ወይም ጉሙዝ የሆነችው ታካሚው ፊት ሲደርስ ፍቅር አያደርገውም። ስሙ «ክፋት የለውም» ብሎ የመወሰን መብት የጠሪው ሊሆን አይችልም። የተጠራው ሰው ነው የሚያውቀው።

አገራችን ይህን ትምህርት በሌላ ቦታ ተምራዋለች። ኦሮሞው፣ ወላይታው፣ የሙ፣ ዳውሮው፣ ቤንቹ፣ ሐረሪው፣ ቤተ እስራኤሉ ሁሉም በአንድ ዘመን በመንግሥት መዝገብና በትምህርት ቤት መጽሐፍ ሳይቀር ሌሎች ባወጡላቸው ስም ተጽፈው ነበር። የድሮዎቹን ስሞች እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም፤ አንባቢው ያውቃቸዋል። ዛሬ አንድ ጋዜጠኛ በዜና እወጃ መካከል ከእነዚያ አንዱን ቢጠራ ይቅርታ ይጠየቃል። የምዕራቡን ቆላ ሕዝብ በተመለከተ ግን ያው ጥንቃቄ ገና በሚገባ አልደረሰም። በጭውውት ፕሮግራም፣ በቀልድ መድረክ፣ በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት የሚሰማው ለዚህ ማስረጃ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ስሞች ክብደታቸው የተለያየ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ስህተት ይሆናል። ሺናሻዎች በራሳቸው ቋንቋ ቦሮ ይባላሉ፤ በክልሉ ሕግ የተመዘገበው ሺናሻ የሚለው ነው፤ ሁለቱን አጣምሮ ቦሮ ሺናሻ የሚልም አለ። ማኦ የሚለው ስም ደግሞ ቋንቋቸው የተለያየ ሕዝቦችን በአንድ ላይ የሚያቅፍ ነው። ኮሞ ከሚባሉት መካከልም ራሳቸውን ጉዋማ ብለው የሚጠሩ አሉ። በርታዎችን ከሱዳን በኩል የመጣ ልማድ «ጀበላዊ» ማለትም የተራራ ሰው ይላቸዋል፤ ቋንቋቸውን «ሩጣና» የሚለውም ስም በሱዳን ዓረብኛ ዓረብኛ ላልሆነ ማንኛውም የአገሬው ልሳን የሚሰጥ የጅምላ መጠሪያ ነው። እነዚህን የሚጠቀም ሁሉ ዘለፋ አስቦ ነው ማለት አይቻልም፤ በርታው ራሱ ሩጣና ሲል ይሰማል። ስለዚህ እዚህ ላይ የምጠይቀው ቁጣ ሳይሆን መጠየቅን ነው። ማኦ ኮሞ ልዩ ወረዳ ቶንጎ ከተማ የተመደበ የግብርና ባለሙያ የአርሶ አደሩን ብሔረሰብ ቅጽ ላይ ከመሙላቱ በፊት «እናንተ ራሳችሁን ማን ትላላችሁ?» ቢል ምንም አይጎድልበትም። ባለቤቱ ራሱን በቀልድ የሚጠራበት ስም ቢኖርም ያ ለእንግዳው ፈቃድ አይደለም።

አሁን ወደ ሌላው አቅጣጫ ልዙር፤ ይህን ሳይነኩ ማለፍ ማሳሰቢያውን ግማሽ ያደርገዋልና።

በመተከል ደገኛው «ቀይ» ይባላል። ጉሙዝኛው «ሹዋ» ይላል። በሌላው ኢትዮጵያ «ቀይ ሰው» ቢባል የመልክ መግለጫ ነው፤ የሚከፋበትም የለም። መተከል ውስጥ ግን ቃሉ ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል። «ቀዮች ይውጡ» የሚለው ንግግር ከተሰማ ጀምሮ የመልክ ስም መሆኑ ቀርቶ የመፈናቀል ትእዛዝ ሆኗል። ከእሱ ጋር «መጤ»፣ «ሰፋሪ»፣ «ነፍጠኛ» የሚሉት ይሰለፋሉ።

«ሰፋሪ» የሚለውን ለአብነት እንውሰድ። በ1977 እና 1978 ዓ.ም. ደርግ በድርቅ የተጎዱ ገበሬዎችን በአውሮፕላንና በመኪና አምጥቶ አሶሳ ዙሪያና ፓዌ አሰፈራቸው። ብዙዎቹ ወደዱም ጠሉም የተጫኑ ናቸው፤ ወባና ቆላ ሐሩር የጨረሳቸውም ጥቂት አይደሉም። መሬቱን የመረጡት እነሱ አልነበሩም። ጉሙዙም መሬቱ ሲወሰድ ያማከረው የለም፤ የአደኑና የተፈራራቂ እርሻው ጫካ ሲመነጠር ቅሬታው ፍትሐዊ ነበር፤ ዛሬም ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ወልደ ሥላሴ አቡቴ በመተከል የጉሙዝና የደገኛ ሰፋሪዎችን ግንኙነት ያጠናበት መጽሐፍ የሁለቱንም ችግር በሚገባ ያሳያል። እንግዲህ አሶሳ ዙሪያ በቁጥር በሚጠሩት አምባዎች ወይም በፓዌ መንደሮች የተወለደ ሰው አሁን ጎልማሳ ሆኗል፤ ልጅም ወልዷል። ያ ልጅ ሌላ አገር የለውም። እሱን «ሰፋሪ» ብሎ መጥራት ያልሠራውን ሥራ በስሙ ማሸከም ነው። መሬት የተወሰደበት ሰው አቤቱታውን ለመንግሥት ያቅርብ፤ መንግሥትም ይስማው። የጎረቤት ልጅ ግን በደርግ ሥራ ተጠያቂ አይደለም።

«ነባር» እና «መጤ» የሚሉት ከሕግ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሔረሰቦች ብሎ ያውቃል፤ ሌሎች ሕዝቦችም በክልሉ እንደሚኖሩ ይጠቅሳል። ይህ አንቀጽ ትክክል ነው ወይስ መሻሻል አለበት የሚለው ክርክር ሕጋዊ ክርክር ነው፤ በምክር ቤትም፣ በአገራዊ ምክክርም፣ በጋዜጣም ይደረግ። ለዘመናት በባርያ ፈንጋይ ለተሳደደ ሕዝብ የሕግ ዋስትና መስጠት ምክንያት አለው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ከሕግ መጽሐፍ ውስጥ የወጣ ቃል ገበያ ላይ ስድብ ሲሆን ሕጉ ያላለውን ይላል። ሕጉ የትኛውንም ነዋሪ ለማባረር፣ ለመግደልም ሆነ ለማዋረድ ለማንም ሥልጣን አልሰጠም። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ሲደነግግ አሶሳን ለይቶ አልተዋትም።

ስሙ በክፉ ቀን ምን እንደሚሠራ አሁን በግልጽ መነገር አለበት።

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በመተከል ግጭት ተነሳ፤ ወዲያው በአማራ ክልል ጃዊ ወረዳ ጉሙዞች ጉሙዝ በመሆናቸው ብቻ ተገደሉ። ኅዳር 5 ቀን 2013 ዓ.ም. በደባጤ ወረዳ አንድ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ላይ በተፈጸመ ጥቃት ቢያንስ 34 ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ንጋት ላይ በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ታጣቂዎች ቤት እያቃጠሉ ከ100 በላይ ሰዎችን ጨፈጨፉ። የሞቱት አማሮች፣ ኦሮሞዎችና ሺናሻዎች ነበሩ። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ይበል። ሺናሻ በክልሉ ሕገ መንግሥት ባለቤት ከተባሉት አምስቱ አንዱ ነው። የገዳዩ ወንፊት ግን ሕገ መንግሥት አልጠየቀም፤ «ቀይ» እና «ጥቁር» ብሎ ነው የለየው። ስም የሚያወጡ ሰዎች ስሙ ነገ በማን ላይ እንደሚያርፍ መወሰን አይችሉም።

የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ በጉባ ወረዳ አይሲድ ቀበሌ አንድ የትግራይ ተወላጅ በሕይወት እያለ በእሳት ተቃጠለ። የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች በነበሩበት ቦታ ነው የሆነው። ቪዲዮው ከቀናት በኋላ አገር ምድሩን አዳረሰ። በትግራይ ጦርነት ወቅት በየመገናኛ ብዙኃኑ የተለመደው የጅምላ ስም የአንድን ሕዝብ ተወላጅ ሁሉ ጠላት አስመስሎ ካሳደረ በኋላ የተፈጸመ መሆኑን መርሳት የለብንም።

እነዚህን ጥቃቶች ቅጽል ስም ብቻውን አላመጣቸውም። መሬት አለ፤ ሥልጣን አለ፤ መሣሪያ አለ፤ በጎን የሚያቀጣጥልም ነበረ። ስሙ የሠራው ሌላ ሥራ ነው። ጎረቤትህን ለዓመታት በራሱ ስም ጠርተኸው፣ ሠርጉ ላይ በልተህ፣ ልቅሶው ላይ ተቀምጠህ በአንድ ሌሊት ልትገድለው ይከብዳል። መጀመሪያ ስሙን መቀማት ያስፈልጋል። ስም የለሽ የጅምላ ነገር ከሆነ በኋላ የቀረው ይቀላል።

ሩዋንዳ ውስጥ «ኤርቴኤልኤም» የተባለው ሬዲዮ ቱትሲዎችን «ኢንየንዚ»፣ በረሮ፣ እያለ ይጠራ ነበር፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። የሬዲዮው መሪዎችና የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ በዓለም አቀፉ የሩዋንዳ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. ጥፋተኛ ተብለው ተፈርዶባቸዋል። በኬንያ ሪፍት ቫሊ ከሌላ አካባቢ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች «ማዶአዶአ»፣ ነጠብጣብ ወይም እድፍ፣ ይባሉ ነበር፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ምርጫ በኋላ በነበረው ግጭት ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። የኬንያ ብሔራዊ የአንድነትና የውህደት ኮሚሽን በ2022 እ.ኤ.አ. ምርጫው ከመድረሱ በፊት ይህንን ቃል ጨምሮ ለጥላቻ የሚውሉ ቃላትን ዝርዝር አውጥቶ ፖለቲከኞችን አስጠነቀቀ። እኛም ዘንድ የክልሉ መንግሥት፣ የሃይማኖት ተቋማትና መገናኛ ብዙኃን ተቀምጠው ተመሳሳይ ዝርዝር ቢያዘጋጁ ጥሩ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባውን የሚለዩት ግን በስሞቹ የሚጠሩት ሕዝቦች ራሳቸው መሆን አለባቸው።

ሕጉን በተመለከተ ሁለት ነገር ልብ በሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሰው ወይም በቡድን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግር የሚያሰራጭን ሰው እስከ 2 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ወይም ከተሞከረ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። «እኔ አልጻፍኩትም፤ ያጋራሁት ብቻ ነው» የሚል ሰው በዚህ አይተማመን፤ የአዋጁ ጉዳይ ማሰራጨት ነው። በሌላ በኩል ሕጉ ለጥናት፣ ለዜናና ለትንታኔ፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርት በቅን ልቦና ለሚነገር ነገር ቦታ ትቷል። ስለዚህ ታሪክ አስተማሪው የድሮውን ስም ጠርቶ ከየት እንደመጣ ለተማሪዎቹ ማስረዳቱ ወንጀል አይደለም፤ ግዴታውም ነው። ባለሥልጣንም ይህን አዋጅ ስለ መሬት ወይም ስለ ሥልጣን የሚጠይቀውን ነዋሪ አፍ ለመዝጋት እንዳይጠቀምበት አሳስባለሁ።

ቀሪው ከሕግ በታች ያለው የዕለት ኑሯችን ነው፤ ነገሩ የሚበላሸውም የሚስተካከለውም እዚያ ነው። የአሶሳና የግልገል በለስ መናኸሪያ ረዳቶች ተሳፋሪን በመልኩ አትጥሩት፤ የሚሄድበትን ቦታ ጠርታችሁ ጥሩት። ሆቴል ያላችሁ ሠራተኞቻችሁ እንግዳ ሲስተናገድ «እዚያ ጋ የተቀመጠው ጥቁሩ»፣ «ቀዩ» እያሉ ትእዛዝ እንዳይቀባበሉ ከልክሉ፤ የጠረጴዛ ቁጥር አለ። መምህራን፣ በክፍላችሁ አንድ ልጅ ሌላውን በብሔሩ ቅጽል ስም ሲጠራው ስቃችሁ አትለፉት፤ ያን ቀን የተሳቀበት ልጅ ትምህርት ቤቱን የማይተውበት ዋስትና የለም። ዶዘርና ትራክተር ይዛችሁ ለእርሻ ወይም ለማዕድን የምትመጡ ባለሀብቶች የቀን ሠራተኛችሁን በስሙ መዝግቡት፤ ደመወዙም በስሙ ይከፈለው። ከአዲስ አበባ ለዘገባ የምትሄዱ ጋዜጠኞች ደግሞ ከመመለሳችሁ በፊት ያነጋገራችሁትን ሰው እንዴት ብዬ ልጻፍህ ብላችሁ ጠይቁት።

ወላጆችን ለብቻ ላናግር። ልጅ ስም አይፈጥርም፤ ከቤት ይሰማል። ጠይም ልጃችሁን በቁልምጫ የምትጠሩበትን ቃል ለውጡት። አሶሳ ውስጥ ያላችሁ ወላጆችም፣ ደገኛው ጎረቤታችሁ ከበር ሲወጣ በቋንቋችሁ የምትሉትን ልጃችሁ እየሰማ ነው።

ስሙ በራሳችሁ ላይ ሲወረወር ደግሞ በሌላ ስም አትመልሱ። «እኔ እንዲህ አልባልም፤ እንዲህ ነው የምባለው» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ነገሩ ከዘለፋ አልፎ ዛቻ ከሆነ፣ ቤታችሁ ላይ ምልክት ከተደረገ፣ «ውጡ» ከተባላችሁ፣ ዝም ማለት አደጋ ነው፤ ለቀበሌና ለፖሊስ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም አሶሳ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው። ቪዲዮ ወይም የድምፅ መልእክት ከደረሳችሁ ለማስረጃ አስቀምጡት እንጂ ወደ ቡድን አትላኩት። በመተከል የሆነው ብዙ ነገር በስልክ ተጀምሮ በገጀራ ያለቀ ነው።

ክልሉ ራሱ ለዚህ የሚሆን የቆየ ባህል አለው፤ ይህንን የማነሳው ለጌጥ አይደለም። ጉሙዞች በማንጊማ ሽማግሌዎቻቸው ደም ያደርቃሉ፤ ሺናሻዎች ኔሞ የሚባል የዳኝነት ሥርዓት አላቸው። በጉሙዝና በኦሮሞ መካከል ሚቹ የሚባል፣ በጉሙዝና በደገኛው መካከልም ወዳጅ የሚባል የቃል ኪዳን ዝምድና ለዘመናት ኖሯል። ወዳጅ የሆነ ሰው መንገድ ላይ ይጠበቃል፤ በችግር ቀን ቤቱ ይገባል፤ ልጁ እንደ ልጅ ይታያል። በ2013 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ወቅት ጎረቤቶቻቸውን የሸሸጉ ጉሙዞች ነበሩ፤ ተሸሽገው የተረፉት ይመሰክራሉ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥት ከጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ጋር የሰላም ስምምነት ፈርሟል፤ ታጣቂዎች ገብተዋል፤ ተፈናቃዮችም ወደ ቀያቸው መመለስ ጀምረዋል። ይህ ሰላም ገና ለጋ ነው። የሚመለሰው ሰው ቤቱ ፈርሶ፣ ከብቱ ተነድቶ ነው የሚመለሰው፤ የሚቀበለው ጎረቤትም የራሱን ሙት ቀብሯል። በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል አንድ የድሮ ቅጽል ስም ቢወረወር የፈረመው ባለሥልጣን መሃል ገብቶ አይመልሰውም።

ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ዛሬ ስልካችሁን ክፈቱ። አባል የሆናችሁበት የቴሌግራምና የፌስቡክ ቡድን ውስጥ አንድን የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝብ፣ በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦን፣ ኮሞን፣ አማራን፣ ኦሮሞን፣ አገውን፣ ትግራዋይን፣ ከምባታን ወይም ሐዲያን በማይወደው ስም የሚጠራ ጽሑፍ ካለ እናንተ የለጠፋችሁትን አጥፉ፤ ሌላው የለጠፈውን «ይህ ስማቸው አይደለም» ብላችሁ በስማችሁ ጻፉበት፤ እምቢ ካለ ለአስተዳዳሪው አመልክታችሁ ውጡ። ነገ ጠዋት ገበያ ስትወጡ ደግሞ ስሙን የማታውቁትን ጎረቤት ስሙን ጠይቁት፤ በነገራችሁም ስም ጥሩት።